ስልክዎንና መኪናዎን በብሉቱዝ ለማገናኘት የትኛው መንገድ ይሻላል?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለሱት የቤት መኪኖች በአብዛኛው ለኢትዮጵያ ገበያ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ቪትዙ ለጃፓን፣ ያሪሱ ለአውሮፓ፣ በዱባይ በኩል የገባው ኮሮላ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በብዛት ለቻይና ገዢ የተሠሩ ናቸው። ስልክን ከመኪና ጋር ማገናኘት ለአንዱ የደቂቃ ሥራ፣ ለሌላው ግን የማያልቅ ጣጣ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በስልኩ ምክንያት ሳይሆን፣ የመኪናው ቴፕ ለየትኛው አገር እንደተሠራ ሳይታወቅ ዕቃ ስለሚገዛ ነው። ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት መጠናት ያለበት እንግዲህ መኪናው ነው።

ገበያ ላይ ያሉት አማራጮች አምስት ያህል ናቸው፤ መኪናው ይዞት የመጣው ብሉቱዝ፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ኤፍኤም ትራንስሚተር፣ በኦክስ ቀዳዳ (እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ የድምፅ ገመድ በሚሰካበት) የሚገባው ትንሽ የብሉቱዝ ሪሲቨር፣ የፀሐይ መከላከያው ላይ የሚቆነጠጠው ራሱን የቻለ ስፒከር፣ እና ነባሩ ቴፕ ወጥቶ በምትኩ የሚገጠመው አንድሮይድ ስክሪን። ሻጮች እነዚህን የሚያወዳድሩት በስክሪን ስፋትና በድምፅ ጉልበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ እየነዱ ሳለ ጥሪ ሲያነሱ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ቃልዎን ምን ያህል ጥርት ብሎ ይሰማዋል? ሙዚቃ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ይሰማል፤ ጉድለቱንም ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። የጥሪን ጥራት የሚወስነው ግን ማይክሮፎኑ ከአፍዎ ያለው ርቀትና የተቀመጠበት ቦታ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በካርቶኑ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም።

«ብሉቱዝ አለው» ሲባል

መኪናው ብሉቱዝ አለው ማለት ሁሉን ነገር ያደርጋል ማለት አይደለም። ብሉቱዝ ስልክና መኪና የሚነጋገሩበት የሬዲዮ መስመር ሲሆን፣ በመስመሩ ላይ ምን እንደሚተላለፍ የሚወስኑት ፕሮፋይል የሚባሉት ደንቦች ናቸው። ጥሪ የሚተላለፈው ኤችኤፍፒ በተባለው ፕሮፋይል ነው፤ ሙዚቃ በኤቱዲፒ፣ ዘፈን የማሳለፍና የማቆም ትእዛዝ በኤቪአርሲፒ፣ የስልክ ማውጫ ደግሞ በፒባፕ ያልፋል። አንድ መኪና ከእነዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን ላይዝ ይችላል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት በተሠሩ መኪኖች ላይ ጥሪ ብቻ የሚያስተላልፍ ብሉቱዝ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ እያየ ዘፈኑ ግን ከስልኩ ስፒከር ሲወጣ ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። በመሪው ላይ የጥሪ ማንሻ ምልክት መኖሩም ስለ ሙዚቃ የሚነግረን ነገር የለም።

በካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው የብሉቱዝ ስሪት ቁጥርም ገዢን ከሚገባው በላይ ያማልላል። 5.3 የተጻፈበት ዕቃ 4.2 ከተጻፈበት ይልቅ የተሻለ የጥሪ ድምፅ ይሰጣል ማለት አይደለም። የመኪና ጥሪና ሙዚቃ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚጓዙት በነባሩ የብሉቱዝ ዓይነት ስለሆነ፣ አዲስ ስልክ ከአሮጌ መኪና ጋር እንደ ልብ ይግባባል። ለጥሪ የሚጠቅመው የኤችኤፍፒ ስሪት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 1.6 የሚባለው ስሪት የድምፁን ስፋት ስለጨመረ፣ ስልኩም፣ መኪናውም፣ ኔትወርኩም ሲደግፉት የተናጋሪው ድምፅ ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ይላል።

መኪናው ይዞት የመጣው ብሉቱዝ

ይህ ካለ ሌላ ነገር ከመግዛት በፊት እስከ መጨረሻው ሊሞከር ይገባዋል። የፋብሪካው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከሾፌሩ ራስ በላይ ባለው መብራት አጠገብ ወይም በመሪው አቅራቢያ ነው፤ ጥሪ ሲመጣም ሙዚቃው በራሱ ይቋረጣል፣ ማንሻውና መዝጊያው መሪው ላይ ነው። በኋላ የሚጨመር ርካሽ ዕቃ በዚህ ረገድ እምብዛም አይወዳደረውም።

ችግሩ የሚጀምረው በቋንቋ ነው። ለጃፓን የተሠራ ቴፕ ምናሌው ሁሉ በጃፓንኛ ሲሆን፣ ብዙዎቹም ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም። እዚህ ላይ የስልክ ካሜራን ወደ ስክሪኑ አነጣጥሮ በጉግል ትርጉም ማንበብ ሥራውን ይጨርሳል፤ አንድ ጊዜ ከተጣመረ በኋላ ስልኩ በየጊዜው በራሱ ስለሚገናኝ ጃፓንኛው ዳግመኛ አያስቸግርም። ከዚህ የሚከፋው መቆለፍ ነው። አንዳንድ የጃፓን ናቪጌሽን ቴፖች ባትሪ ሲነቀል የመክፈቻ ኮድ ወይም ካርታውን የያዘውን ኤስዲ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ካርዱ ጠፍቶ ኮዱም ካልታወቀ ብሉቱዙ ቢኖርም አይደረስበትም። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ካርዱ በቦታው መኖሩን ከርክክብ በፊት ማየት፣ ባትሪ ሲያስቀይርም ኤሌክትሪሺያኑ ኃይል ሳይቋረጥ እንዲቀይርለት መጠየቅ ይኖርበታል።

የቻይና ገበያ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉዳይ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ስክሪናቸው ሰፊ፣ ምናሌያቸው ቻይንኛ፣ የድምፅ ረዳታቸው የሚሰማው ቻይንኛ ሲሆን፣ ብዙው አገልግሎታቸው በቻይና ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እዚህ ሲደርስ ይዘጋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የእነዚህ ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ፣ ቋንቋ እንቀይራለን፣ አፕሊኬሽን እንጭናለን የሚሉ ባለሙያዎችም በዚያው ልክ በዝተዋል። ነገር ግን ለጥሪና ለሙዚቃ ሲባል ብቻ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ብሉቱዙ ኢንተርኔትም ቋንቋም አይፈልግምና የብሉቱዝን ምልክት ተከትሎ ገብቶ ማጣመር ይበቃል። ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ ማየት የፈለገ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ለእርሱ ቋንቋውን ማስቀየሩ ትርጉም ይኖረዋል፣ ያም ቢሆን በአምራቹ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር መጫን ዋስትናን ሊያሳጣ እንደሚችል አውቆ መግባት አለበት።

ሁለት ችግሮች ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪና ለኢትዮጵያ ስልክ ተጠቃሚ የተለዩ ናቸው። አንደኛው ስም ነው፤ አብዛኞቹ የመኪና ቴፖች የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው በአማርኛ የተመዘገበ ስም በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ማን እንደደወለ ለማየት ስልክ ማንሳት ካስፈለገ የብሉቱዙ ጥቅም ግማሹ ጠፋ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አዘውትረው የሚደውሉ ሰዎችን ስም በላቲን ፊደል መመዝገብ ይሻላል። ሁለተኛው ሁለት ሲም ነው። የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም በአንድ ስልክ የያዘ ሰው «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» የሚለውን መርጦ ከሆነ፣ ከመኪናው ሲደውል ስልኩ በራሱ ስክሪን ላይ «በየትኛው ሲም?» ብሎ ይጠብቃል፣ መኪናው ላይ ግን ምንም ሳይሰማ ይቀራል። ለጥሪ አንዱን ሲም ቋሚ አድርጎ መምረጥ ይህን ያስቀረዋል።

የማጣመሩ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። ብዙ መኪኖች ካልቆሙና የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ማጣመርን አይፈቅዱም። አሮጌዎቹ ኮድ ሲጠይቁ 0000 ወይም 1234 ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አዲሶቹ በሁለቱም ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አሳይተው ማረጋገጫ ብቻ ይጠይቃሉ። በዚያ ቅጽበት ስልኩ የስም ማውጫና የጥሪ ታሪክ ለመኪናው ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ሳያነብ «አይ» ይልና ስሞቹ ለምን አልመጡም ብሎ ይገረማል። በአንድሮይድ ስልክ በብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ከመኪናው ስም አጠገብ ባለው የማስተካከያ ምልክት ገብቶ ጥሪ፣ ሙዚቃና የስም ማውጫ የሚሉትን አንድ በአንድ መክፈት ይቻላል፤ በአይፎንም እንዲሁ ከስሙ አጠገብ ባለው ምልክት ውስጥ የስም ማውጫ ፈቃዱ ይገኛል። ግንኙነቱ ቀድሞ ሠርቶ ድንገት ካስቸገረ፣ መኪናውን ከስልኩ ላይ ብቻ መሰረዝ አይበቃም፤ ስልኩንም ከመኪናው ላይ ሰርዞ ሁለቱንም እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ያገለገለ መኪና ሲሆን ደግሞ የቀድሞው ባለቤትና የቤተሰቡ ስልኮች ዝርዝሩን ሞልተውት ይሆናል። አብዛኞቹ ቴፖች የሚይዙት ጥቂት ስልኮችን ብቻ ስለሆነ አዲሱ ቦታ ያጣል። መኪና የሚሸጥ ሰውም ከማስረከቡ በፊት ስልኩንና የስም ማውጫውን ከቴፑ ላይ ቢሰርዝ ይበጃል።

ኤፍኤም ትራንስሚተር

ዋጋው ከሁሉም ዝቅተኛ፣ መግጠሙም ከሁሉም ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ይህን ነው። ከስልኩ በብሉቱዝ ይቀበላል፣ የተቀበለውን መልሶ በኤፍኤም ሞገድ ያሰራጫል፣ የመኪናው ሬዲዮም እንደ ማንኛውም ጣቢያ ያሰማዋል። ብሉቱዝ፣ ኦክስም ሆነ ዩኤስቢ ለሌለው አሮጌ መኪና ሌላ ቀላል መንገድ ስለሌለ ይህን አማራጭ መናቅ አይገባም።

ነገር ግን የጃፓን መኪና የገዛ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በጃፓን የኤፍኤም ስርጭት ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፤ የቆዩት የጃፓን ሬዲዮዎችም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ያለውን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ጣቢያዎች የሚሰራጩት ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ትራንስሚተሮቹም የሚሠሩት በዚሁ ክልል ነው። ስለዚህ ሸገርን በ102.1 ወይም ፋናን በ98.1 መያዝ የማይችል ሬዲዮ ትራንስሚተሩንም ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ካልሆነ በቀር አያገኘውም። ሞገድ መቀየሪያ፣ ማለትም የአገራችንን ጣቢያዎች የጃፓን ሬዲዮ ወደሚይዘው ክልል ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ፣ የተገጠመለት መኪና ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይለወጣል፤ መቀየሪያው 16 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ቢሆን በ104.0 የተሞላ ትራንስሚተር በሬዲዮው ላይ የሚሰማው በ88.0 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ለማድረግ የሚደክም ሰው ትራንስሚተሩን ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ይህን ባለማወቅ ነው።

የአዲስ አበባ የኤፍኤም ሞገድ በጣቢያዎች የተጨናነቀ በመሆኑ ባዶ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ በከተማው ውስጥ ባዶ የነበረው ቁጥርም ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሲወጡ በሌላ ጣቢያ ሊያዝ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ድክመቱ ጥሪ ላይ ነው። ማይክሮፎኑ ያለው እዚያው ሲጋራ መለኮሻው ላይ ከማርሹ አጠገብ ስለሆነ፣ የሚይዘው ከእርስዎ ድምፅ ይልቅ የመንገዱንና የሞተሩን ጩኸት ነው። ለሙዚቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ስልክ ለሚያነሳ ሰው ግን አልመክረውም። እንደ ሲኖትራክ ላሉ ከባድ መኪኖች የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ዕቃው 24 ቮልት የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራው ሊቃጠል ይችላል።

የኦክስ ሪሲቨርና የፀሐይ መከላከያ ስፒከር

መኪናው የኦክስ ቀዳዳ ካለው ትራንስሚተር የሚገዛበት ምክንያት የለም። ሪሲቨሩ ድምፁን በገመድ ስለሚያስገባ የጣቢያ መደራረብ አይነካውም፤ የሙዚቃው ጥራትም ከኤፍኤሙ በግልጽ ይበልጣል። የተለመደ ሕመሙ አንድ ነው፤ ኃይል ከመኪናው ዩኤስቢ ሲወስድና ድምፁንም በኦክስ ሲያስገባ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚጨምር የሲርሲርታ ድምፅ ይሰማል። ይህ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን ሁለቱ ገመዶች በመኪናው ኤሌክትሪክ በኩል ስለሚገናኙ የሚፈጠር ነው፤ በኦክሱ መካከል የሚገባ ትንሽ ማጣሪያ ወይም ሪሲቨሩን በራሱ ባትሪ ማሠራት ያጠፋዋል። ማይክሮፎኑን በተመለከተ ሪሲቨሩ ዳሽቦርዱ ላይ ከፍ ብሎ የሚለጠፍ ከሆነ መልካም፣ ኦክሱ ያለው በክንድ ማሳረፊያው ሣጥን ውስጥ ከሆነ ግን ክዳን ውስጥ ሆኖ ማውራት ይሆናል።

ከሁሉም የተዘነጋው የፀሐይ መከላከያው ላይ የሚቆነጠጠው ስፒከር ነው። ሙዚቃ ለማድመጥ አይሆንም፤ ድምፁም ትንሽ ነው። ለጥሪ ግን ማይክሮፎኑ ከአፍ ፊት ለፊት በቅርብ ርቀት ስለሚቀመጥ፣ መኪናው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በፊት የተሠራም ቢሆን ከብዙ ውድ ስክሪኖች የተሻለ ይሰማል። ባትሪው የራሱ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን አይፈልግም፣ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው በኪስ ይዘዋወራል። የመሥሪያ ቤት መኪና የሚነዳ፣ በሳምንቱ መኪና የሚቀያይር ወይም የኪራይ መኪና የሚይዝ ሰው ከዚህ የሚሻል አያገኝም። ሱቆች ብዙ የማያሳዩት ሲደረደር ዓይን ስለማይስብ ይመስለኛል።

አንድሮይድ ስክሪን፣ ካርፕሌይና አንድሮይድ ኦቶ

ነባሩ ቴፕ ከተቆለፈ፣ ከሞተ ወይም ምንም መግቢያ ከሌለው መለወጡ ተገቢ ነው። አንድሮይድ ስክሪን ለጃፓን መኪና ባለቤት አንድ ተጨማሪ ጥቅምም ይሰጣል፤ የሬዲዮውን ክልል ከማስተካከያው መምረጥ ስለሚቻል እስከ 108 ያሉት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ሁሉ ያለ መቀየሪያ ይያዛሉ። ሆኖም ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ ሥራውም በገጣሚው እጅ ይወሰናል። ነባሩን ገመድ የሚቆርጥ ገጣሚ መወገድ አለበት፤ ለመኪናው ሞዴል የተሠራ የሶኬት ገመድ አለና በእርሱ መገጠሙ ነገ ነባሩን ቴፕ መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ጣጣ ለመመለስ ያስችላል። ገመድ የኤርባግ ከረጢት በሚወጣበት ምሰሶ ላይ እንዳይሻገርም ማሳሰብ ያስፈልጋል።

የጥሪው ነገር እዚህም ይመለሳል። ርካሽ ስክሪኖች ማይክሮፎናቸው በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ስክሪኑ ደግሞ የሚቀመጠው ከአየር ማውጫው አጠገብ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ከኋላው የውጭ ማይክሮፎን መግቢያ እንዳለው መጠየቅ፣ ካለውም ማይክሮፎኑን መሪው አጠገብ ወይም ከራስ በላይ ማስገጠም ከጥቂት ጊጋባይት ሜሞሪ ጭማሪ ይልቅ ይጠቅማል። የመሪው ላይ ቁልፎችና የኋላ ካሜራው ከአዲሱ ስክሪን ጋር ይሠሩ እንደሆነም ከመክፈል በፊት ማወቅ ያሻል።

ካርፕሌይ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ አንድሮይድ ኦቶ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የተሰራጩ ሲሆን፣ የስልኩን ካርታ፣ ጥሪና ሙዚቃ በመኪናው ስክሪን ላይ ያወጣሉ። ካርፕሌይ ለአይፎን፣ አንድሮይድ ኦቶ ለአንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። ያለ ገመድ ሲሠሩ ብሉቱዝ ግንኙነቱን ያስጀምራል እንጂ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ዋይፋይ ነው፤ ገመድ አልባው አንድሮይድ ኦቶ ለአብዛኞቹ ስልኮች አንድሮይድ 11ንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በዚህ ረገድ በጣም የሚያሳስተው ዕቃ ገመድ አልባ አዳፕተር የሚባለው ነው። አዳፕተሩ የሚጠቅመው ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ ኦቶ በገመድ ላለው መኪና ብቻ ነው፤ ይህ የሌለውን መኪና ባለ ካርፕሌይ አያደርገውም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን አዘውትረው የሚገጥማቸው ምርጫ ይህ በመሆኑ፣ ከማዘዝ በፊት ስልኩን በገመድ ሰክቶ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ማየት ይበቃቸዋል።

ሕጉም እንደየቦታው ይለያያል። በኢትዮጵያ ስልክ እያናገሩ መንዳት ያስቀጣል። በዋሽንግተን ዲሲ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት እ.ኤ.አ. ከ2004፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሾፌር ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ በ4 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ እጅን ነጻ የሚያደርጉ መሣሪያዎችም ይህን አደጋ ብዙም አይቀንሱትም። እነዚህ ዕቃዎች የሚያገለግሉት «መንገድ ላይ ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ» ለማለት ነው፤ ረጅም ወሬ ካለ መኪናውን ማቆም ይቀድማል።

የታክሲ አፕ ይዘው ለሚሠሩ ሾፌሮች አንድ ማሳሰቢያ ይጨመር። የሥራ ጥሪው ማንቂያ ድምፅ የሚወጣው ከመኪናው ስፒከር ስለሚሆን፣ ቴፑ በኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ከሆነ ማንቂያው ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ለመኪናው የተከፈተውን የሙዚቃ ፈቃድ ዘግቶ የጥሪውን ብቻ መተው ማንቂያውን ወደ ስልኩ ስፒከር ይመልሰዋል፣ የደንበኛው የስልክ ጥሪ ግን እንደ ወትሮው በመኪናው ይነሳል።

ምርጫው ወደ ሁለት ዕቃ ከጠበበ በኋላ በሱቁ ደጃፍ ቆሞ መሞከር አይበቃም፤ የቆመ መኪና ውስጥ ሁሉም ማይክሮፎን ጥሩ ይመስላል። ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሻጩን አስፈቅዶ መኪናውን ወደ ዋና መንገድ ማውጣት፣ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ከፍቶ፣ አየር ማቀዝቀዣውን አብርቶ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በተዘጋጀው ዕቃ ወደ አንድ ወዳጅ እንዲደውል ማድረግ ይገባል። ከወዳጁ የሚፈለገው «ይሰማል» የሚለው መልስ አይደለም፤ ሾፌሩ ያልታሰበ የስልክ ቁጥር አንብቦለት እርሱ ሳይሳሳት መልሶ ማንበቡ ነው።